በጉ ቀድሞኝ የገባበት በር

ሐይቅ ከተማ ግንብ ኖሯት አያውቅም። ከደሴ የመጣ በዚህ ይገባል፣ ወደ ወልድያ በዚያ ይወጣል፤ መሐል ላይ ዓሣ ከበላልን ይበቃናል። ለውጥ መጣ ሲባል፣ በሩ ሁሉ ተከፈተ ሲባል፣ እኛ መቼ ተዘግተን እናውቃለን ብለን ስቀን ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ግን ቅሬያችን ተሰብስቦ "በር ያስፈልገናል" አለ። ቅሬ እኛ ዘንድ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀባበርበት ማኅበር ነው። ሰው መቅበር የለመደ ማኅበር ሰው ጠብቅ ሲሉት ግራ ይገባዋል።

ዓይን ሁሉ ወደኔ ዞረ። በጎረምሳነቴ ሐረር ወርጄ ጨርቅ ስሸጥ ኖሬያለሁ፤ የጀጎልን በሮች ያላወራሁለት ሰው በሰፈሩ ካለ ደንቆሮ ነው።

"የድሮዎቹ አምስት ናቸው" አልኩ። "ጀንበር ስትገባ ይዘጋሉ፤ ቁልፉ አሚሩ ዘንድ ያድራል። እንግዳ ጦር መሣሪያውን በር ላይ ትቶ ነው የሚገባ። ከግንቡ ሥር ደግሞ ለጅብ የተተወ ቀዳዳ አለ።"

"ለጅብ?" አለች ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ። ክርስቲያን ናት፣ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ እትዬ ነው የምላት። "ሰው ዘግተው ጅብ ያስገባሉ?"

"ጅብ ያጸዳል እትዬ፤ ሰው ነው የሚያቆሽሽ።"

ግንብ ስለሌለን በወልድያ በኩል መንገዱ ላይ ገመድ ወጠርን። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የሚገባ ሁሉ ዋስ ይጥራ አልኩ። ሰው ለዘመዱ ዋስ ከሆነ በሩ ወንፊት ነው፤ ስለዚህ ሙስሊም ሲመጣ ክርስቲያን ጎረቤት ይመስክርለት፣ ክርስቲያን ሲመጣ ሙስሊም። ወሎ ላይ ይሄም ያፈሳል፤ ከሙስሊሙ የግማሹ አክስት ክርስቲያን ናት። ቢሆንም ሕግ ነው፤ አሚሩም አላሰበው ብዬ ኮራሁበት።

መጀመሪያ የቀመሰችው እትዬ ናት። ከውጫሌ ገበያ ቅቤ ይዛ ስትመለስ ተረኛው እኔ ነበርኩ። "አንተው ሙስሊም አይደለህ? መስክርልኛ!" አለች። "ጠባቂ አይመሰክርም" አልኳት። ዋስ እስኪመጣላት ቅቤው ፀሐይ ላይ ቀልጦ ነጠላዋ ላይ ወረደ። ነጠላዋን አጣጥፋ ፈገግ ብላልኝ አለፈች። ያኔ ነበር መፍራት የነበረብኝ።

የልጄ ሠርግ ደረሰ። ኒካሁ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው፤ ልጄን የምድረው እኔ አባቷ ነኝ፣ ያለእኔ አይታሰርም። ሙሽራው ከነአጀቡ ከደሴ መጥቷል፤ ሰዓት እላፊ ስላለ ቶሎ ካልተመለሱ መንገዱ ይዘጋባቸዋል። እኔ ደግሞ በዚያው ጧት ውጫሌ ነበርኩ። እኛ ጋ ሠርግ ሲሆን ለክርስቲያን ጎረቤት ለብቻው ዳስ ይጣላል፣ በጉንም ራሳቸው ያርዱታል። ያን በግ በሐይቅ ዋጋ ከምገዛ ብዬ ነው እንግዲህ። የነጋዴ ነገር።

ሚኒባሱ እኔንም በጉንም ገመዱ ሥር ሲያወርደን ዐስር ተቃርቧል። ተረኛው ጢሜን የሚላጨኝ ፀጉር አስተካካይ ነው።

"ክፈት እንጂ!"

"ዋስህስ?"

"ወላሂ ልትገድለኝ ነው? ጢሜን ማን ነው የሚላጭ?"

"ጢምህን አውቀዋለሁ። እኔ ግን ሙስሊም ነኝ፣ በዚያ ላይ ጠባቂ። ሕግህ በሁለቱም በኩል ይዞኛል።"

ኔትወርክ የለም። ባጃጅ ላክን፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቼ በሙሉ እኔው ቤት በግ ይጠብቃሉ። ባጃጁ ይዟት የመጣው እትዬን ነው። ከባጃጁ ስትወርድ ልጅ ክርስትና እንደምታነሳ ሰው ነው የተረጋጋችው። በጉን ላቱን ጨበጥ፣ ጥርሱን ገለጥ አደረገች።

"ለበጉ ዋስ ነኝ" አለች።

ፀጉር አስተካካዩ ገመዱን ዝቅ አደረገ። በጉ ገባ። ገመዱ ተመልሶ ተወጠረ።

"እትዬ፣ ኧረ በአላህ! ኒካሁ!"

"አንተንማ ላስብበት። ደግሞ ምን አስቸኮለህ? በጅቡ ቀዳዳ አትገባም?"

አዛኑ ተሰማ። ልጄ በሙሽራ ልብሷ በሩን በሩን ስታይ ታየኝ።

"ምን ላድርግ እትዬ? የቅቤውን ልካስሽ?"

"ቅቤውን ነጠላዬ ጠጥቶታል። ሠርጉ እስኪያልቅ የሐረርን በር አንዲት ቃል እንዳታነሳ። ማልልኝ።"

ማልኩላት። "አውቀዋለሁ፤ የእኛው ነው" አለች ለፀጉር አስተካካዩ። ገመዱ ወረደና ሮጥኩ። አልሐምዱሊላህ፣ ኒካሁን የሚያስሩት ሸኽ ሰግደው ገና መቀመጣቸው ነበር። ልጄን በእጄ ዳርኩ።

ማዕዱ ሲቀርብ የሙሽራው አጎት፣ ደሴ ላይ የተከበሩ ሰው፣ የገመዱን ወሬ አነሱ። "ብልህ በር ነው" አሉ። "እኔ ወጣት ሳለሁ ሐረርን አይቻታለሁ። የድሮ በሮቿ ሰባት ናቸው።"

ሰባት! እጄ ከሥጋው ላይ ቆመ። ሰፈሩ በሙሉ ወደኔ ዞረ። ማዶ ካለው ዳስ እትዬ አጥንት ይዛ አንገቷን አወጣች።

"ሰባት ነው የሚሉት፣ አያ?" አለችኝ።

ትልቁን ቁራጭ መርጬ አፌ ውስጥ ከተትኩት።