የመግቢያ ክፍያው ስብሰባ

ስርጉት ዱባይ ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ በገዛችው ሚኒባስ ከሐሙሲት ደብረ ታቦር ሰው ታመላልሳለች። አሁን ደግሞ ደብረ ታቦር ከተማ በመኪና ተጨናንቋልና የሚገባ መኪና ሁሉ ይክፈል ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢው «ዱባይም እኮ ያስከፍላሉ» ሲሉ ደሟ ፈላ።

«እዚያማ መክፈል ያልፈለገ በባቡር ይገባል! የእኛ ገበያተኛ በምን ይግባ?»

«አውቶቡስ ወደፊት ይመጣል።»

ወደፊት! ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠች።

ስብሰባው ሲበተን የአዳራሹ ደጃፍ በቢሮ መኪና ተጨናንቆ የሰብሳቢው መኪና መውጫ አጣ። ሰውየው እየሮጡ ወደ ሚኒባሷ መጡ።

«እህቴ፣ ወረታ ሌላ ስብሰባ አለብኝ፤ ታደርሺኛለሽ?»

ስርጉት ሞተሩን አስነሳች።

«አውቶቡሱን ይጠብቋ!»