ስሙ እንዳይጠራ ሽማግሌ የላከው አዞ

ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት... ልብስ እያጠብኩ፣ እጄ አረፋ በአረፋ እንደሆነ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው ቆመዋል። መሃል ያሉትን አውቃቸዋለሁ። አባባ ሻንካ ናቸው፤ ከደጋው ከገረሴ እየወረዱ ሰው የሚያስታርቁ። እሳቸው የያዙትን ሳር ረግጦ ያለፈ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

እናቴ ከኋላዬ ብቅ አለች። ሦስት ሽማግሌ ስታይ ፊቷ በራ። ስትመኘው የኖረችው ቀን መጣ! ሮጣ ነጠላ ቀየረች፣ ሮጣ ወንበር አወጣች፣ በዚያው ሩጫዋ የዓሣ ዱለት ጣደች። ሳር የያዘ ሽማግሌ ለእርቅ እንጂ ለጋብቻ እንደማይመጣ እሷም ታውቃለች፤ ግን ደስታ ዓይን ይጋርዳል።

«አባቶቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ለመሆኑ ልጁ የማን ልጅ ነው?»

አባባ ሻንካ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሱን እንኳ መናገር አንችልም።»

«ስሙስ?»

«ስሜ እንዳይጠራ ብሏል።»

«እሺ... ሥራውስ?»

አጠገባቸው የተቀመጡት ሽማግሌ መሬት መሬት እያዩ «አዞ ነው» አሉ።

የእናቴ ማማሰያ ከእጇ ወደቀ። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ።

ላልሰማችሁ ልንገራችሁ። የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። ከወር በፊት «የዓባያው አዞ» የሚባል የፌስቡክ ገጽ፣ ስም የለው፣ ፊት የለው፣ አፉን የከፈተ አዞ ብቻ፣ «የዚህች ሴት ዲግሪ ፎርጅድ ነው» ብሎ ከነፎቶዬ ለጠፈ። በማግስቱ ክፍል ስገባ ሰሌዳው ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ አዞ ተስሎ ጠበቀኝ። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ «ለማንኛውም ኦሪጅናሉን ይዘሽ ነይ» አሉኝ። ለማንኛውም! እንቅልፍ አጥቼ የተማርኩትን! ወሰድኩላቸው፣ እሳቸው አዩት። ተማሪው ግን አላየም። አፌን በከፈትኩ ቁጥር ከኋላ ወንበር ሳቅ ይሰማል።

ፎቶው ምዕራብ ዓባያ ላይ ጓደኛዬ ስትዳር ሚዜ ሆኜ የተነሳሁት ነው። ስለዚህ ዓርብ ማታ በራሴ ገጽ፣ በራሴ ስም ጻፍኩ፦ «አዞው፣ ፎቶው ከማን ስልክ እንደወጣ ደርሼበታለሁ። ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ እንገናኝ።»

የደረስኩበት ነገር አልነበረም። ሠርጉ ላይ ስልክ ያልያዘው ድንኳኑ ብቻ ነው።

አባባ ሻንካ ሳሩን ከፍ አደረጉ። «ልጄ፣ አጥፍቷል። ይቅር በዪው።»

«ማንን?»

«ታውቂው የለም እንዴ? ደርሼበታለሁ ብለሻል አሉ።»

እዚህ ላይ ተያዝኩ... አላውቅም ካልኩ አዞው ተመልሶ ውኃው ውስጥ ገባ ማለት ነው።

«እኔማ አውቀዋለሁ። ከእናንተ አፍ ልስማው ብዬ ነው።»

«ቃል አስገብቶናል።»

«አባባ፣ ስድቡ በስሜ፣ በፎቶዬ፣ ከተማው ሁሉ እያየ። ይቅርታው ግን በሹክሹክታ?»

እናቴ በመሃል «ለመሆኑ አዞው ስንት ዓመቱ ነው?» አለች። ተስፋ አልቆረጠችም።

ዱለቱ ቀረበ። አባባ ሻንካ እጃቸውን ሰበሰቡ። «እሺ ሳትለን አንቀምስም።» ዱለቱ ይቀዘቅዛል፣ ሳሩ ይጠወልጋል፣ እናቴ በዓይኗ ትቆነጥጠኛለች። ሳር የያዘ ሽማግሌን እምቢ ማለት ደግሞ እኛ ዘንድ ጎሜ ነው፤ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ጥፋት።

እጄን አደራረቅኩና ስልኬን አወጣሁ። እዚያው ቁጭ ብዬ አዲስ ገጽ ከፈትኩ፤ «የጫሞዋ ጉማሬ»። ስም የላት፣ ፊት የላት፣ የምታዛጋ ጉማሬ ብቻ። ከዚያ ለአዞው «ይቅር ብያለሁ» ብዬ ጻፍኩለትና ለአባባ ሻንካ አሳየኋቸው።

«ይህች ደግሞ ማናት?»

«ይቅር ያለችው ናት።»

«አንቺ ነሽ?»

«ስሜ እንዳይጠራ ብላለች።»

የአባባ ሻንካ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለካ እየሳቁ ነው! «እውነቷን ነው» አሉ ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው፤ «ፊቱን የደበቀ በዳይ ይዘን ፊቷን ያልደበቀች ሴት ደጅ መጣን። ተነሱ፣ አዞውን ከውኃ እናውጣው።» በሩ ጋ ሲደርሱ ለእናቴ «ዱለቱን አቆዪልን» አሏት።

ሰኞ ጠዋት ተማሪው ለባንዲራ ተሰልፏል። አባባ ሻንካ አጥሩ ሥር ቆመዋል። ከመምህራኑ መሃል አንዱ ወደ ፊት ወጣ... የፊዚክስ መምህሩ! ሠርጉ ላይ አብሮኝ የጨፈረው፣ የሳይንስ ትምህርት ክፍል ኃላፊነቱን እኔ ሳገኝ ቀድሞ የጨበጠኝ፣ አዞው በለጠፈ ቁጥር ሥር ሥሩ በራሱ ስም «እህቴ፣ ከጎንሽ ነኝ» እያለ ሲጽፍልኝ የከረመው!

«አዞው እኔ ነኝ» አለ። «ዲግሪዋ እውነተኛ ነው። ኃላፊነቱ ለሷ ቢሰጥ ቀናሁ፣ ዋሸሁ።»

ተማሪው ፊቱን አየ፣ ድምፁን ሰማ፣ አመነ። ያን ቀን ሰሌዳዬ ንጹሕ ሆኖ ጠበቀኝ። እኔም ይቅር አልኩት፤ በስሜ። እናቴ ስነግራት የጠየቀችኝ «ያላገባ ነው?» ብላ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፦ በሰደበኝ ቦታም፣ በአዞው ገጽ ላይ፣ ይቅርታ እንዲጠይቅ። አዞውን አንስቶ የራሱን ፎቶ አደረገ፣ ሙሉ ስሙን ጻፈ፣ መዋሸቱን አመነ። ሥሩ የጎረፈውን አስተያየት ብታዩ! «ገጹ ተጠልፏል!» «አዞአችንን ምን አደረጋችሁት?» «ይሄ ሰውዬ ፌክ ነው፣ ሪፖርት አድርጉት!»

ትናንት በእረፍት ሰዓት ላቡ እየወረደ ጠረጴዛዬ ጋ መጣ።

«ስሜን ነገርኳቸው፣ መታወቂያዬን ለጠፍኩላቸው... አያምኑኝም! እውነተኛውን አዞ አምጣ ነው የሚሉኝ። ምን ባደርግ ይሻለኛል?»

ከማርመው ፈተና ላይ ቀና እንኳ አላልኩም።

«ሽማግሌ ላክባቸው።»