ጋሽ መቀስ ሦስቴ ተከተበ የተባለ ጊዜ

ጋሽ መቀስ የወረርሽኙን ክትባት ሦስት ጊዜ ተወግቷል አሉ። መጀመሪያ በሙሉ ፂሙ ጤና ጣቢያ ገባ። ቀጥሎ ጉንጩን ተላጭቶ፣ አፍንጫው ሥር ያለችውን ሪዝ ብቻ አስቀርቶ መጣ። በመጨረሻ ሙልጭ ብሎ እንደ ሙሽራ ቀረበ። ነርሷም «ወንድማማቾች ናችሁ እንዴ? ቁርጥ አንድ ናችሁ!» ብላ ሦስቱንም ወጋች። ከዚያማ ማን ያቆመዋል፤ በሦስት መርፌ ጉልበት ድንበሩን እንደ ጓሮ አጥር ዘሎ፣ ልጁ ሠርግ ላይ የጫማው ሶል እስኪገነጠል ጨፈረ። ካፌያችን ውስጥ ይህን ወሬ ያልሰማ ካለ፣ ማስኩን ጆሮው ላይ የደረበ ሰው ብቻ ነው።

ለማመን ግን ይቸግራል። ያኔ እኮ አንዴ የተወጋ ሰው ክንዱን በታክሲ መስኮት አውጥቶ ለመንገደኛ የሚያሳይበት ጊዜ ነበር። ሦስት ማግኘት ማለት ጨረቃን ከነመለዋወጫዋ ማግኘት ነው። ደግሞም ጋሽ መቀስ የሰው ወረፋ ሲቀማ ያየው የለም። የገዛ ቤቱ በር ላይ ሰው ቆሞ ካገኘ «የመጨረሻው ማነው?» ብሎ የሚሰለፍ ፀጉር አስተካካይ ነው።

ፀጉር ቤቱ አንድ የሚሽከረከር ወንበርና ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት አለው። ግድግዳው ላይ የተለጠፉት የፀጉር ስታይሎች ባለቤቶች ዛሬ ሁሉም ራሰ በራ ሳይሆኑ አይቀሩም። በዚያ ቤት የማይሻር ሕግ አንድ ብቻ ነው፦ የተጀመረ ራስ አይተውም። የጎረቤት ጣሪያ በተቃጠለ ጊዜ እንኳ ሰው ሁሉ ባልዲ ይዞ ሲሮጥ፣ እሱ «ቆይ፣ ይቺን ግራ ጎኑን ላስተካክልለት» ብሎ ዘግይቶ ወጣ። ደንበኛውም አምሮበት እሳት አጠፋ።

ወረርሽኙ ሲመጣ ቤቱ ተዘጋ። ጠዋት ሬዲዮው «ክፈቱ» ይላል፤ ወለሉን ጠርጎ ሳይጨርስ «ዝጉ» ይላል። አንድ ሰሞን ደግሞ «ክፈቱ፣ ግን ከደንበኛው ሁለት ሜትር ራቁ» ተባለ።

«መቀሱን መጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ ልሰረው?» ይላል ጋሽ መቀስ። «ፂሙን ሊላጭ የመጣውን ማስክህን አውልቅ ካልኩት ሕግ ጣስኩ። አታውልቅ ካልኩት ማስኩን ላጨሁለት!»

እስከዚህ ድረስ ያስቃል። የማያስቀው፣ ጎረቤት አገር የምትኖረው አንድ ልጁ ልታገባ መሆኗ ነበር። ድንበሩ የሚያሳልፈው የተከተበ ሰው ብቻ ነው።

«አባዬ፣ እስካሁን አልተከተብክም?» አለችው በስልክ።

«ከየት አምጥቼ፣ ልጄ?»

«እዚህ እኮ ሻይ ቤት በር ላይ ቆመው ኑ ተከተቡ እያሉ ይለምኑናል። አከራዬ እነሱን ሽሽት በጓሮ በር ነው የምትወጣው!»

ጋሽ መቀስ ስልኩን ከጆሮው አላቅቆ ትክ ብሎ አየው፤ ስልኩ ራሱ የቀለደበት መስሎታል።

«ይለምናሉ? ሰውም እምቢ ይላል?»

«አዎ፣ አባዬ።»

ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራቶ ተቀመጠ። «የኔን ክንድ የሚለምን አገር አለ ማለት ነው። ክንዴ እዚያ ለመድረስ ግን መጀመሪያ መከተብ አለበት!»

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄደ። ቤቱ ተዘግቶ ሳለ ያደገው ፂሙ ሽበት ብቻ ስለነበር ዘበኛው «ግቡ አባት፣ ዛሬ የአረጋውያን ቀን ነው» አለው። እሱ ግን ዕድሜውን በሐቅ ተናግሮ ተመለሰ። ሚስቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ፂምህ ሲመሰክርልህ አንተ ምን አናገረህ?»

ሁለተኛ ጊዜ ሽማግሌ እንዳይመስል ሪዙን ብቻ አስቀርቶ ሄደ። ያን ቀን ክትባቱ የጫነው መኪና አልመጣም። ዘበኛው ደግሞ «ማስክህ ሪዝህ ላይ አልገጥም ብሎ ወለል ብሏል፤ ሁለተኛ እንዲህ ሆነህ እንዳትመጣ» አለው። ሦስተኛ ጊዜ ሙልጭ ብሎ ሄደ። ሠርጉ እሑድ ነው።

ያን ቀን ክትባቱ ገብቷል። ግቢው ግን ወራት ሙሉ መቀስ ባላየ ሕዝብ ተሞልቷል። ፀጉሩ ዓይኑን የጋረደው ሰው መንገድ የሚያቋርጠው በድምፅ ነው። ጋሽ መቀስ ያለ ዕቃ ቦርሳው ከቤት ወጥቶ አያውቅም፤ የሙያ ነገር ነው።

«ጋሼ፣ በሞቴ፣ ይቺን ከጆሮዬ ላይ ብቻ!» አለ ከፊቱ የቆመው።

እሱን ጨረሰ። ከኋላ ያለው ራሱን አቀረበ። ወዲያው ነርሷ በመስኮት ብቅ ብላ «እርስዎ ይግቡ!» አለችው። ጋሽ መቀስ እጁ ላይ ያለው ራስ ግማሹ ተከርክሞ ግማሹ ጫካ ነው።

«ይቺን ልጨርስ። ከእሱ ኋላ ያለው ይቅደመኝ» አለ።

ያ ሲያልቅ ሌላው አንገቱን ደፍቶ ጠበቀው። ነርሷ በጠራችው ቁጥር እጁ ላይ ያላለቀ ራስ አለ። «እሱ ይቅደም» ይላል። ወረፋው እየተከረከመ፣ እየተወጋ፣ እየወጣ ሄደ። መጨረሻ ላይ ነርሷ ራሷ ጓንቷን እያወለቀች ወጣች።

«አለቀ» አለች።

«ምኑ?»

«ክትባቱ ነዋ! ሌላ እስከሚቀጥለው ወር የለም።»

መቀሱ አየር ላይ ተከፍቶ ቀረ። ያማረባቸው ወንዶች እርስ በርስ ተያዩ፤ የሰውየውን ወረፋ ራሳቸው ላይ ተሸክመውት እንደቆሙ ያኔ ነው የገባቸው። ጋሽ መቀስ ከመከርከም ብዛት የደነዘዘ ቀኝ ክንዱን እያሸ ወጣ። መንገድ ላይ ያዩት ሁሉ «ይኸው፣ ተወጋ!» አሉ። ሦስቱንም ፊቱን ያየው ዘበኛ ደግሞ የወሬውን ቀሪ ሳይሞላው አልቀረም።

«ልጅህን በሰው ፀጉር ለወጥካት?» አለች ሚስቱ።

«ታዲያ ሰውየውን ግማሽ ራሱን ልተወው?»

እሑድ ዕለት ስልኩን መስታወቱ ላይ አስደግፈው ሠርጉን ተመለከቱ። ሙሽራዋ ቀለበት ልታደርግ እጇን ስትዘረጋ ኔትወርኩ ቆመ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላዩም።

ባለፈው አንድ ደንበኛ አንገቱ ላይ ጨርቅ ታስሮለት እንደተቀመጠ በመስታወቱ ጠቀሰው።

«ጋሼ፣ ለኛ እንኳ እውነቱን አውጣው። ከሦስቱ የትኛው አመመህ?»

ጋሽ መቀስ መቀሱን አስቀመጠ።

«ሦስት ጊዜ አልተወጋሁም። አንድ ጊዜም አልተወጋሁም። ድንበርም አልተሻገርኩም። ልጄ ሠርግ ላይም አልጨፈርኩም።»