ለቁስለኛው የሰጠሁት ወተት

ጻፊ ልጄ፣ ያን ቀን ጠዋት የወተት ዕቃዬን እያጠንኩ ነበር። ፍሙን ጮጮው ውስጥ ከትቼ ስነቀንቅ ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ጮኸች።

"አካም፣ ናጋ ነሽ? ዛሬ ከሰዓት ኪነቶቹ ያሳያሉ! ወተትሽን ያዢና ተነሽ፣ እዚያው ጦር ካምፑ ትሸጪዋለሽ!"

ኪነት የምንላቸው የጦሩ ዘፋኝና ተወዛዋዦች ናቸው። ሰሜን ነበሩ። ጦርነቱ ሲበረታ በመኪና ተጭነው እኛጋ ነገሌ መጡ። አባትሽ፣ የኔ ልጅ፣ ደግሞ ያኔ ገና ሳያገባ እዚያው እነሱ የመጡበት ግንባር ነበር። ወሬው ከጠፋ ሦስት ወሩ። እህል አልወርድ ብሎኝ ከስቻለሁ።

ሄድን። የካምፑ አዳራሽ ውስጥ፣ ከመድረኩ ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀመጥን። መጋረጃው ሲከፈት ሰዎቹ የሚነጋገሩት ሁሉ በዘፈን ነው። ደህና ዋልክም በዘፈን! ልጃገረዶቹ በእግር ጣታቸው ጫፍ ይሄዳሉ።

"እሾህ ወጋቸው እንዴ?" አልኩ።

"ዝም በይ፣ ጭፈራው ነው!" አለች ጎረቤቴ።

ከዚያ አንዱ ወታደር ወደቀ። ልብሱ ቀይ በቀይ። "ውሃ፣ ውሃ" እያለ ይዘፍናል። ልጃገረዶቹ ይዞሩታል እንጂ አንዷም አትሰጠውም። በእኛ አገር የጠማው ሰው እየለመነ ቁጭ ብለሽ አታይም፣ ጠላትሽም ቢሆን። ጨዋታ መሆኑ ጠፋብኝ። ጮጮዬን ይዤ መድረኩ ላይ ወጣሁ፣ ራሱን በክንዴ ደግፌ "ጠጣ ልጄ" አልኩት።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። "እማማ፣ እኛም ቆስለናል!" ይላሉ ወታደሮቹ። ያኔ ገባኝ። ምነው መሬት በዋጠችኝ!

ቁስለኛው ልጅ ግን አልሳቀም። ቀስ ብሎ፣ "እዚያ ግንባር ልጅ አለዎት?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት።

ጮጮውን ተቀብሎ ጠጣ። አንድ ጠብታ አላስቀረም። ከዚያ እጄን እንደያዘ የቀረውን ዘፈን ወደኔ ዞሮ ዘፈነው። ሳቁ ጸጥ አለ። እግዜር ይስጠው፣ እስከዛሬ እመርቀዋለሁ። አባትሽ የመጣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው፣ እኔ ግን ያን ቀን ማታ እህል በላሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ጎረቤቴ መንገዱን ሙሉ ስትስቅብኝ ቆየች። ደጄ ላይ ስንደርስ ግን ቆመች።

"ወተትሽን ሳትሸጪው ቀረሽ" አለችኝ። "አይዞሽ፣ እዚያ ግንባርም እንዳንቺ ያለች ሞኝ አትጠፋም። ያንቺም ልጅ ጠጥቷል።"