ዋንዛ እምቢ ያልኩ ቀን

ዲላ ውስጥ ቫዮሊን የምሠራና የምጠግን እኔ ነኝ። ሌላ ካለ ይምጣና እንተዋወቅ። አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስኩ አዲስ አበባ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ ዘንድ ሠርቼ፣ እጄ ሲፈታ ተመለስኩ። አባቴ አናጢ ነው፤ ከሥራ ቤቱ አንዷን ጥግ እያጉረመረመ ሰጠኝ። ባለፈው ክረምት ግን የበር ሥራ በዛበትና፣ "በዚህ ሳምንት ጆሮ የሚሰማው ነገር ካላሳየሽኝ ጥጓ ለበሮቼ ናት" አለኝ። ብሎም አልቀረም፤ በሮቹን ከወዲሁ ጠረጴዛዬ ላይ አስደገፋቸው።

በማግስቱ ከወናጎ አንድ የመዘምራን መሪ ቫዮሊን በጋቢ ጠቅልሎ መጣ።

"እህቴ፣ ድምፁ ታፈነብን።"

"ምን አድርጋችሁት?"

"ኧረ ምንም! እንዲያውም ውስጡ የሚንኳኳ ስንጥር ነበር፤ በሽቦ ጎትተን አውጥተን ገላገልነው።"

ሳቄ አመለጠኝ። "የጣላችሁት እኮ ድምፁን ነው!"

ቫዮሊን ሆዱ ውስጥ እርሳስ የምታህል እንጨት ትቆማለች። የፊቱን ንዝረት ወደ ጀርባው የምታደርሰው እሷ ናት። ከወደቀች መልሶ ማቆም፣ ከጠፋች አዲስ መሥራት ነው።

አባቴ እንጨት ሲባል ሰምቶ የሚኮራበትን ዋንዛ ቆርጦ አመጣ። እኛ ዘንድ ቡናው የሚጠለለው ከዋንዛ ሥር፣ ሙሽራ የምትተኛው ዋንዛ አልጋ ላይ ነው፤ ዋንዛ አይነቀፍም።

"አይሆንም" አልኩት። "ዝግባ ነው የምፈልገው። ቀለል ያለ፣ ቃጫው ቀጥ ያለ።"

ወደ መሪው ዞረ። "ሰማህልኝ? ዋንዛ እምቢ አለች!"

ከአሮጌ የመስኮት ፍሬም ዝግባ ሰንጥቄ አለሰለስኩ። እንጨቷን በሾለ የብስክሌት ሽቦ ጫፍ ሰክቼ፣ ከቫዮሊኑ ፊት ባለው ቀዳዳ አስገባኋት። ወደቀች። ደገምኩ፤ ወደቀች። አባቴ የማጣበቂያ ኮላውን ጣሳ ይዞ ከጀርባዬ ቆሟል።

"ትንሽ ነካ ላድርግልሽ?"

"አባዬ፣ ኮላ ከነካት ሞተች። ተጣብቃ አይደለም፣ ተጨምቃ ነው የምትቆመው።"

"ሳይጣበቅ የሚቆም ነገር ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም።"

"ዛሬ ይወጣል።"

ቆመች። ክሮቹን ወጥሬ ደጋኑን ሳብኩ። አፍንጫውን የተያዘ ሰው ድምፅ ወጣ። መሪው ፊቱ ጠቆረ፣ አባቴ ዞሮ በሮቹን አየ። እኔ ግን የት እንደጎደለ በጆሮዬ አውቄው ነበር። ክሮቹን አላልቼ እንጨቷን የፀጉር ያህል ወደ ጠርዙ ገፋኋትና እንደገና ሳብኩ። ድምፁ ቤቱን ሞላው፤ ማዶ የቆመው ባለባጃጅ ሞተሩን አጥፍቶ አንገቱን አወጣ።

"ጌታ ይባረክ!" አለ መሪው።

"አሜን። ሁለተኛ ግን በሽቦ እንዳትነካኩት።"

አባቴ ከጠረጴዛዬ ላይ በሮቹን እያነሳ ወደ ውጭ ያወጣ ጀመር። ሰማዩ ጠቁሯል።

"አባዬ፣ ዝናብ ይመታቸዋል እኮ።"

"በር ደጅ ቢያድር ምን ይሆናል?" አለ። "ይልቅ የምናለብሳቸውን ላስቲክ በዚያ በኩል ያዢልኝ።"