ስም ያልወጣላት ተመዝጋቢ

አለቃችንን «ሁለተኛ ዙር» የምንላት ወደን አይደለም። የልደት ምዝገባን ወደ ኮምፒውተር የማስገባት ፕሮጀክት ሲሰጣት መጀመሪያ ያደረገችው የሥራውን ወሰን ጽፋ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው፦ አንድ ሆስፒታል፣ አዲስ የተወለዱ ሕፃናት፣ አለቀ! ከእሷ በፊት የነበረው ፕሮጀክት ጋብቻም ይግባ፣ ፍቺም ይግባ፣ ግብርም ይግባ ሲባል አብጦ አብጦ ሥራ ሳይጀምር ነው የሞተው። ስለዚህ ኃላፊዎች አዲስ ሐሳብ ይዘው በመጡ ቁጥር «ይሄ ከሌለ ሕፃኑ አይመዘገብም?» ትላቸዋለች። ይመዘገባል ካሏት፣ «እንግዲያው ለሁለተኛ ዙር!» ስንቱ አኩርፎ እንደወጣ እኔ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊው ምስክር ነኝ።

በመክፈቻው ቀን የመሥሪያ ቤታችን ምክትል ኃላፊ በጠዋቱ ሆስፒታሉ ከተፍ አሉ። «ፕሮግራሙ ዛሬ ካልሠራ ሥራውን ለውጭ ድርጅት እንሰጣለን» ብለው እቅጩን ነገሯት። እሷ ግን ልቧ ጮቤ ይረግጣል። ፀጉሯን ተሠርታ፣ አዲስ ጫማ አድርጋ በማዋለጃው ኮሪደር ወዲያ ወዲህ ትላለች።

«ኧረ ተቀመጪ!» ብላት፣ «እንዴት ብዬ!» አለችኝ።

የመጀመሪያው አባት የምዝገባው መስኮት ጋ ቀረበ። መዝጋቢዋ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ክብደቱን ሞላች። «የሕፃኗስ ስም?» አለችው።

«ገና አልተስማማንም» አለ አባት እያፈረ። «እናቷ የመረጠችውን እኔ አልወደድኩትም፣ የእኔን ደግሞ እሷ።»

መዝጋቢዋ ባዶውን አልፋ «መዝግብ» የሚለውን ተጫነች። እምቢ አለ። ደገመችው፤ ወይ ፍንክች! ወሰን ስናጠብ፣ ስንቀንስ፣ ስንከራከር ከርመን፣ ሕፃን ስም ይዞ እንደማይወለድ ለአንዳችንም ትዝ አላለንም። ምክትል ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

አለቃችን ወደ እኔ ዞረች። «ይሄ ካልተስተካከለ ሕፃኗ አትመዘገብም?»

«አትመዘገብም።»

«ታዲያ ምን ይገትርሃል? ጨምር!»

ይቺ ቃል ከአፏ ስትወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሳቄ እየመጣ ሥራውን ተያያዝኩት፤ ስም በኋላ እንዲሞላ ፈቀድኩና ሞከርኩት። አባትየው እስከዚያ ግራ ገብቶት ምክትል ኃላፊውን «እርስዎም ወልደው ነው?» ይላቸዋል።

ማተሚያው አጉረምርሞ ወረቀቱን ተፋው። ኮሪደሩ በጭብጨባ ቀለጠ፤ አዋላጆቹ ሳይቀሩ እልል አሉ። አባት ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ «አሁን ልጄ መንግሥት ዘንድ አለች?» አለ።

«አለች፣ ወንድሜ። የመጀመሪያዋ እሷ ናት።» አለችው አለቃችን፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ምክትል ኃላፊው ቀረብ ብለው «የውጭ ድርጅት ያልኩት ይቅር» ቢሏትም አልሰማቻቸውም። ወደ ወረፋው ዞራ «ቀጣይ!» እያለች ነበር።