አየሩ የማን ነው?

አባቴ በዕድሜያቸው አንዴም ፈስተው አያውቁም ብዬ አምን ነበር። ቢቸና ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ምግብ ከአፍ ተነሥቶ በየት አልፎ በየት እንደሚወጣ፣ አንጀት ውስጥ ጋዝ እንደሚፈጠርና ያም ጋዝ መውጫ እንደሚፈልግ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እስላለሁ። ግን ሰሌዳው ላይ ያለው ሰውዬ ሌላ፣ አባቴ ሌላ። እኛ ቤት ማዕድ ላይ ያመለጠው ልጅ እንጀራውን ትቶ ወደ ውጭ ይወጣ ነበር፤ የሚያስወጣውም አልነበረም፣ የአባቴ ዓይን ይበቃዋል።

አባቴ የአገር ሽማግሌ ናቸው። ድንበር የተገፋፋ፣ ትዳሩ የታወከ፣ በውርስ የተጣላ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይመጣል። ዋሽቶ የሚያንገራግር ካለ «እውነቱን አውጣው፣ ይቀልሃል» ይሉታል።

እኚህ ሰው ሞጣ ያለችውን እኅቴን ሊጠይቁ በሄዱበት አንጀታቸው ተጠማዘዘ። ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቶ ሆስፒታል ገቡ፤ ተከፈተ፣ ተስተካከለ፣ ተሰፋ። እኔ በሚኒባስ ስደርስ ወጣቱ ሐኪም ኮሪደር ላይ አገኘኝ። ኦፕራሲዮኑ መልካም ነው፣ አሁን የምንጠብቀው ጋዝ ብቻ ነው አለኝ። አንጀት ሥራ መጀመሩ የሚታወቀው በእሱ ነው፤ እሱ ሳይወጣ ሾርባ ቀርቶ ውኃም አይፈቀድም።

ችግሩ ጠያቂው ነው። ከቢቸና መኪና ተኮናትሮ የመጣ አለ፣ የእኅቴ ጎረቤት አለ፣ አባቴ ያስታረቋቸው ባላንጣዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁሉም «እግዜር ይማርዎ» ብሎ ከተቀመጠ በኋላ ዝም ብሎ የአባቴን ሆድ ያያል። ውጡ አይባልም፣ ነውር ነው። በዚህ መካከል ነርሷ ትገባና ድምፅዋን ሳትቀንስ «አባቴ፣ ፈስ ወጣልዎ?» ትላለች። ጠያቂው በሙሉ ጣሪያውን ያያል።

«እንዲህ ያለ ነገር እኔ ዘንድ የለም» ይላሉ አባቴ።

አጠገባቸው ያለው አልጋ ላይ የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ የሆኑ ሙስሊም ሽማግሌ ተኝተዋል። እሳቸውም የአንጀት ኦፕራሲዮን አድርገው ያንኑ ነገር ነው የሚጠብቁት። የእሳቸውም ጠያቂ ከእኛ አያንስም፤ የሁለቱ ወገን ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ይቀመጣል።

አንድ ጠዋት ከሁለቱ አልጋዎች መካከል ድምፅ ተሰማ። ትንሽ ድምፅ አይደለም። አባቴ ጋቢያቸውን ሳቡና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ነጋዴው አባቴን አንድ ጊዜ አዩአቸውና ከአልጋቸው ቀና ብለው፣

«አፉ በሉኝ፣ የእኔ ነው» አሉ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለ የእሳቸው ወገን። ነርሷ ጎሽ አለቻቸው፣ ልጃቸው ሾርባ ልታመጣ ሮጠች። እኅቴ የኛን አባት አየችና አንገቷን ደፋች። እኔም እውነቱን ለመናገር ቀናሁ። በሰው ፈስ ቀናሁ።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ እኔንና እኅቴን ወደ ውጭ ጠራን። እስከ ማታ ምንም ካልወጣ ወደ ባሕር ዳር እንልካቸዋለን፣ ምናልባት ሆዳቸው እንደገና ይከፈታል አለን። እኅቴ አለቀሰች። እኔም ፈራሁ፤ በዚህ ዕድሜያቸው ሁለተኛ ቢላዋ የሚችሉ አልመሰለኝም። ገብቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ ሐኪሙ ያለውን ነገርኳቸውና የማውቀውን ብቸኛ ነገር አደረግሁ፣ አስተማርኳቸው።

«አባባ፣ ሕይወት ያለው ሁሉ ይመገባል፣ ይተነፍሳል፣ የማይፈልገውን ያስወግዳል። አሜባ እንኳን ባላት አንድ ሕዋስ…»

«አሜባ ጠያቂ አለባት?»

«የለባትም።»

«እንግዲያው ተወኝ። መንግሥት ደሞዝ የሚከፍልህም ይህን ልታስተምር ነው?»

ተሸንፌ ቀና ስል የነጋዴው ሾርባ ኮመዲኖው ላይ እንዳለ ተቀምጧል። ስቡ ረግቶበታል። «ምነው አልጠጡትም?» አልኳቸው።

ነጋዴው አባቴን አዩ፣ እኔን አዩ። «የሰው ሐቅ አልጠጣም፣ ልጄ» አሉ። «የጠዋቱ የእኔ አይደለም።»

ጠያቂው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ።

«የእኔ ነው ብለዋል እኮ!» አሉ አባቴ።

«በሰው ፊት እንዳያፍሩ ብዬ ነዋ! እንደገና ሆድዎን የሚያስቀድድ ነገር መሆኑን መቼ አወቅሁ?»

«አንዴ ወስደውታል፣ ይያዙት።»

«አልይዝም! እኔም የራሴን እየጠበቅሁ ነው።»

ያስታረቋቸው ባላንጣዎች እንኳ ይህን ያህል የተከራከሩ አይመስለኝም። ሐኪሙ ጫጫታውን ሰምቶ ገባና በሩ ላይ ቆመ። እኔ ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው፣ «አባባ፣ እውነቱን ያውጡት፣ ይቀልዎታል» አልኳቸው።

ቃሉ የራሳቸው መሆኑን አውቀውታል። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ የጎረቤቱን ድንበር መግፋቱን እንዳመነ ሰው ቀስ ብለው፣ «የእኔ ነው» አሉ።

እኅቴ እልል አለች። በምን እልል እንደተባለ ያልገባው ከበር ውጭ ያለው ጠያቂም ተቀበላት። ሐኪሙ ሆዳቸውን ዳሰሰ፣ አዳመጠ፣ ሳቀ፣ ሾርባም ፈቀደ። አባቴ የመጀመሪያውን ማንኪያ ሲውጡ አየሁና እኔም እንደ እኅቴ አለቀስኩ።

አሁን ተረኛው ነጋዴው ሆኑ። አባቴ ሾርባ ይጠጣሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ በየመሐሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወንድሜ፣ እንዴት ነው?» ይላሉ። ነጋዴው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በማግሥቱ ልጃቸው ፊቷ ጠቁሮ ገባች፤ ባሕር ዳር የሚለው ቃል አሁን ወደ እነሱ ተሻግሯል። አባቴ የያዙትን ሻይ አስቀመጡና አልጠጡም።

ረፋዱ ላይ ክፍሉ በሁለቱም ወገን ጠያቂ ጢም ብሎ ሳለ ድምፁ መጣ። ነጋዴው ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ አፋቸው ግን አልከፈት አላቸው፤ ለሌላ ሰው ሲሉ የደፈሩትን ለራሳቸው አልቻሉትም። የእነሱ ወገን እኛን ያያል፣ የእኛ ወገን ጣሪያውን ያያል።

አባቴ ስፌቱ እያመማቸው ተነሥተው ተቀመጡ። በሽምግልና ሲናገሩ እንደሚያደርጉት ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ እጃቸውንም አነሡ።

«የእሳቸው ነው» አሉ። «እኔ ምስክር ነኝ። ሾርባ አሙቁላቸው።»